ሳይቀዘቅዝ የተጋገረው ኮከብ

በቨርና ቤት የገና ዋዜማ ማዕድ ላይ ለሚቀመጥ ሰው ሁሉ አንድ የኮከብ ብስኩት ይጋገርለታል። ስሙ በቀይ የስኳር ክሬም ይጻፍበትና ሳህኑ ላይ ይቀመጥለታል። ልማዱን ያስለመዱት እናቷ ናቸው።

ዘንድሮ ሊጡን ዳምጣ በቆርቆሮው ቅርጽ ማውጫ አንድ ኮከብ ብቻ ቆረጠች፤ የራሷን። ለአንድ ብስኩት ብላ ኦቨን ማሞቋ ሆዷን አባባው። ውጭ በረዶ ይጥላል፤ ከጠዋት ጀምሮ በሯን ያንኳኳ ሰው የለም። ብቸኝነት እንዲህ አንጀት እንደሚበላ ድሮ ቢነግሯት መች ታምን ነበር።

ጥፋቱ ደግሞ የራሷ ነው። አምና፣ እናቷ ባረፉ በሦስተኛው ሳምንት፣ ኤልደንን ለዋዜማ ጠራችው። ኤልደን የከተማዋ የግንባታ ዕቃ መደብር ሻጭ ነው፤ ሲስቅ አንገቱን ይደፋል። ከልቧ ትወደው ነበር። ታዲያ ምን ዋጋ አለው፣ እጇ በለመደው ሄደና የእናቷንና የራሷን ስም ጽፋ የእሱን ረሳችው። ኤልደን ባዶ ሳህኑን አየት አደረገ። በላ፣ አመሰገነ፣ ወጣ። በዚያው ቀረ። እሷም ኀፍረት ይዟት ሳትጠራው ይኸው ዓመት ሞላ።

«አንቺ ሴት፣ አሁንስ አበዛሽው» አለች ለራሷ።

ከትራፊው ሊጥ ቆንጥራ ዳመጠች፤ ፍሪጅ ውስጥ እስኪቀዘቅዝ ግን አልታገሠችም። ኮከቡ ኦቨን ውስጥ ተስፋፍቶ ጫፎቹ ጠፉ። ቢሆንም «ኤልደን» ብላ ጻፈችበትና ክሬሙ ሳይደርቅ ካፖርቷን ደርባ ወጣች።

ስትደርስ መደብሩን ሊዘጋ ነበር። ብስኩቱን ተቀብሎ ወደ መብራቱ አስጠጋው። አውራ ጣቱን ቀይ ክሬም ነካው።

«ዳክዬ ነው?»

«ኮከብ ነው።»

«ሊጡን ሳታቀዘቅዢ ነዋ የጋገርሽው።»

«ቸኩዬ ነው» አለች። «አምና ረሳሁህ፣ ኤልደን። ሐዘኑ ነው እንጂ ልቤስ አልረሳህም። እወድሃለሁ። ዛሬ ማታ ና።»

ኤልደን ብስኩቱ ላይ ያለውን ስሙን ደግሞ አነበበ። እሷም የጫማዋን በረዶ እያየች ጠበቀች።

«ቦታ የለህም ያልሽኝ መስሎኝ እኮ ነው የቀረሁት» አለ በመጨረሻ። «የእናትሽስ ኮከብ?»

«ዘንድሮ ተውኩት። አምና ቅር ያሰኘህ እሱ መስሎኝ።»

«ኧረ ተይ፣ እኔ መች በሳቸው ቅር አለኝ? የሳቸውንም ጋግሪ እንጂ። ሦስት ሳህን ነው የምናቀርበው።»

ቤት ገብተው የተረፈውን ሊጥ ፍሪጅ ውስጥ አስቀመጡት። ወጥ ቤቱ አሁንም ጭር እንዳለ ነው፤ የእናቷ ወንበርም ባዶ ነው። ኤልደን ግን ከጎኑ ያለውን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቨርና ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀመችውን እንባ ለቀቀችው፤ እሱም እጇን ያዘ።

ትንሽ ቆይታ ሊጡን ልታይ ብድግ ስትል እጇን አልለቀቀም።

«ተቀመጪ» አላት። «ዛሬ እስኪቀዘቅዝ እንጠብቃለን።»