የሻዩ ካርታ

አምብሮዝ ኦርመሮድ የተገኘው በገዛ ጦሩ ላይ ተደፍቶ ነው። የሆልምዴል የጦር ጨዋታ ማኅበር አዳራሽ ውስጥ፣ ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ፣ አውራ ጣት የማያህሉ የመጫወቻ ወታደሮች ምንም እንዳልተፈጠረ ተሰልፈዋል። ደም የነካው የምድጃ መቆስቆሻ እግሩ ሥር ወድቋል።

ኢንስፔክተር ሜቪስ ላምሌይ ስትደርስ የሰፈሩ ሰው ፈርዶ ጨርሶ ነበር፤ ገዳይዋ የማኅበሩን ሻይ የምታፈላው ወይዘሮ ሂልዳ ናት። ጠዋት አምብሮዝ ወጥ ቤቱን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ ቢላት፣ በሰው ፊት «መጀመሪያ ሞትህን ያሳየኝ» ብላዋለች። አሁን ትሪዋን እንደያዘች ጥግ ቆማለች። አሮጊቷ የላምሌይን አንጀት በላች።

«ደወሉን ሰማሁ» አለች ሂልዳ። «አምብሮዝ የሻዩን ካርታ ሲመዝ ይደውላል፤ እኔም ሁለት ስኒ ይዤ እመጣለሁ። ስገባ አልቆለታል።»

«እኔም ደጅ መሰላል ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ» አለ የአዳራሹ ጠባቂ ፒም። «አንዴ ብቻ ነው የጮኸው።»

የሟቹ ተጋጣሚ ዴንዚል ክራግ ረጋ ብሎ ተናገረ። «እኔ ደወሉ ሳይጮህ በጓሮ በር ወጥቻለሁ፤ ሲጋራ ልገዛ። የፈረሰኞቼ ካርታ ወጣ፣ ወደ ድልድዩ አስጠጋኋቸው፣ ሄድኩ። አምብሮዝ ደህና ነበር።»

«እንግዲያው ደወሉ ሲጮህ እዚህ የነበረችው ሂልዳ ብቻ ናት?»

«እርስዎ አሉ እንጂ እኔ አላልኩም።»

ላምሌይ ጠረጴዛው ላይ አጎነበሰች። የተመዘዙት ካርታዎች ፊታቸውን ወደ ላይ አድርገው ተደራርበዋል፤ ከሁሉም በላይ የሻይ ጀበና ሥዕል ያለበት አለ። ያልተመዘዙት በጎኑ ተደፍተዋል።

«እስቲ ለማያውቅ ሰው አስረዱኝ፣ አቶ ፒም።»

«እያንዳንዱ ጦር የራሱ ካርታ አለው። ካርታው ካልወጣለት አይንቀሳቀስም። የሻዩ ከወጣ ዙሩ አበቃ፤ ያልደረሰው ወዮለት። ሁሉም ተበውዞ እንደገና ይጀመራል።»

«የሌላ ሰው ወታደር መንካትስ?»

«ምን ሲደረግ! ሚስቱን መሳም ይሻላል።»

ላምሌይ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አቆመቻቸው። የተመዘዙትን ካርታዎች አንድ በአንድ ዘረጋች፤ ፈረሰኛ የለም። የተደፉትን ገለጠች፤ ሁለተኛው ላይ የክራግ ፈረሰኞች ወጡ።

«አቶ ክራግ፣ ካርታዎ አልወጣም። ፈረሰኞቹ ግን ድልድዩ ላይ ናቸው፤ ያንቀሳቀስኳቸው እኔ ነኝ ያሉትም ራስዎ ነዎት። ተራው ሊደርሰው የሚችል ሰው ተራ አይሰርቅም። የሚሰርቀው ተስፋው ሲያልቅ ነው። የእርስዎ ተስፋ ያለቀው ደግሞ ሻዩ ሲወጣ ነው። አምብሮዝ ደወሉን ሊደውል ዞር ሲል አስጠጓቸው፤ አየዎት፤ መቆስቆሻውን አነሱበት። ስለዚህ ደወሉ ሲጮህ እዚህ ነበሩ። ካርታውን አውጥተው ከተመዘዙት ጋር እንዳይቀላቅሉት የሂልዳ እርምጃ መጣብዎት።»

ክራግ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ፈረሰኞቹን አየ።

«ሃያ ስድስት ዓመት አጭበርብሬ አላውቅም» አለ። «አንድ እርምጃ ብቻ ነበር። ‹ለማኅበሩ ሁሉ እናገራለሁ፣ ስምህ ይፋቃል› አለኝ። ተው ብዬ ለመንኩት።»

 ሂልዳ ትሪው ላይ የቀዘቀዙትን ሁለት ስኒዎች አየች።

«አንዱ ያንተ ነበር፣ ዴንዚል» አለችው። «ሁለት ስኳር አድርጌበት ነበር።»