ባዶ ክፍል የተባለው መዝገብ

ሐመልማል በየማለዳው ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ፊዚክስ ሕንፃው ምድር ቤት ትወርዳለች። ጫማዋን በሩ ላይ አውልቃ፣ ግድግዳው ሁሉ በመዳብ መረብ ወደተሸፈነው ጠባብ የልኬት ክፍል ትገባለች፤ ወፍራሙ በር ሲዘጋ ስልኳ ኔትወርክ ያጣል፣ የተማሪዎቹ ኮቴ ይቋረጣል፣ አየር የሚያስገባው ማራገቢያ ሹክሹክታና የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ ብቻ ይቀራሉ። መሀል ላይ፣ ፀጉር በምታህል የመስታወት ክር ጫፍ፣ ከጤፍ ፍሬ ያነሰች የፕላስቲክ ዶቃ ተቀምጣለች። ቀይ ብርሃን በውስጧ ይሽከረከራል። ኤሌክትሪክ ሲቀርባት ዶቃዋ ዓይን በማያየው መጠን ትለጠጣለች፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው መስመርም ወደ ላይ ይዘላል። የሰው ልብ ትርታ የሚያመነጨው ኤሌክትሪክ እንኳ ከክንድ ርቀት ይሰማታል።

ይህን ሁሉ ያስተማራት ዶክተር ወንድይፍራው ነው። አባቷ ሲሞቱ ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነበር፤ ሦስት ቀን ከድንኳኑ አልወጣም። ስለዚህ የሚላትን ሁሉ ታምናለች። በጥብቅ የከለከላት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ባዶ ክፍል» የተባለውን የኮምፒውተር መዝገብ እንዳትከፍት። ክፍሉ ውስጥ ሰው ሳይኖር የተቀዳ ነው ብሏታል፣ የክፍሉን የራሱን ጫጫታ ለማጥራትም ኮምፒውተሩ ከእያንዳንዱ ልኬት ላይ ይቀንሰዋል። የቀዳው ከሁለት ዓመት በፊት፣ የቀድሞ ተማሪው አስካለ ውጭ አገር በሄደች ሰሞን ነው። «ስልክ እንኳ ደውላልኝ አታውቅም» ይላል እያዘነ፤ ሐመልማልም በማታውቃት ልጅ ትናደድ ነበር።

ዶቃዋ ሰሞኑን ደክማለች፤ የምትሰማው እየቀነሰ ነው። ያን ማክሰኞ ሐመልማል ምክንያቱን ለመፈለግ ከኮምፒውተሩና ከማራገቢያው በቀር መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ አጠፋች፤ መብራቱንም አጥፍታ ጥግ ላይ፣ ከዶቃዋ ርቃ ተቀመጠች። መስመሩ ማረፍ ነበረበት። ዝቅ አለ። ቆየት ብሎ እንደገና ዝቅ አለ፣ በእኩል ልዩነት፣ ያለማቋረጥ። የእጇን ትርታ ይዛ ቆጠረች፤ የእሷ አይደለም፣ ከእሷ ይዘገያል። ከዚህ በፊት ቀርባ ስለምትሠራ የራሷ ልብ ሸፍኖት ኖሯል። ትንፋሿን ይዛ ጨለማውን አዳመጠች፤ ከማራገቢያው በቀር ምንም የለም፣ ግን ብቻዋን እንዳልሆነች ተሰማት።

የልብ ምት ነበር፣ የተገለበጠ። የሚገለበጠው ደግሞ ኮምፒውተሩ የቀነሰው ነገር ነው።

መዝገቡን ከፈተችው። ሦስት ሰዓት ሙሉ የሰው ልብ ተቀድቷል። መጀመሪያ ይሮጣል፣ ከዚያ ይረጋል፣ ከዚያ እየሳሳ እየራቀ ይሄድና ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። ከሥሩ የተጻፈው ቀን አስካለ ሄደች የተባለበት ቀን ነው። ሐመልማልን ከፍርሃቱ በፊት ንዴት አንገበገባት። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ እሷ ግን እንደ አባት ነበር ያመነችው።

«ልጄ፣ ምን እያየሽ ነው?» አለ የዶክተሩ ድምፅ፣ ግድግዳው ላይ ካለው ድምፅ ማጉያ። ፎቅ ላይ ካለው ቢሮው የእሷን ኮምፒውተር እንደሚያይ፣ እሷንም እንደሚሰማ አሁን ገባት።

«ዶክተር፣ ክፍሉ ባዶ አልነበረም።»

 ዶክተሩ በዚያው በለመደችው የዋህ ድምፅ፣ «ዶቃዋ መስማት የጀመረችው ከዚያ ቀን ወዲህ ነው» አላት። «ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም። አሁን ደግሞ እንደምታዪው ደከመች።»

ከቢሮው በሚታዘዘው ቁልፍ በሩ ከውጭ ተቀረቀረ። ማራገቢያው ቆመ።

በሩን ገፋች፣ ደበደበች፣ ስሙን እየጠራች ለመነችው፤ እዚህ ክፍል ውስጥ የሚጮኸውን ማንም እንደማይሰማ ከሁሉ በላይ የምታውቀው ራሷ ናት። ኮምፒውተሩ ላይ አዲስ መዝገብ ተከፍቶ የእሷ ልብ እየሮጠ ይጻፋል።

«ቁጭ በይና ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፣ ልጄ» አላት እያባበለ፤ «አስካለ ደንግጣ የመጀመሪያውን ሰዓት አበላሽታብኛለች።»