ያሸነፈ አይነሳም

«ኮቱ፣ ነይ እንጂ፣ ዱሬቲ። መኪናው ስምንት ሰዓት ላይ ይወጣል» አለች ናኦሚ በክፍሉ በር ብቅ ብላ።

ዱሬቲ የቼዝ ፈረሷን አንስታ የለሊሳን ንጉሥ መድረሻ አሳጣችው። «ቼክሜት» አለች። ቶሎ ጨርሳ ለመሄድ ነበር ሐሳቧ፤ ተሳካላት።

የቼዝ ክበቡን ያቋቋሙት ቲቸር ጉተማ ዝውውር ደርሷቸው ዛሬ ቅዳሜ ከአምቦ መናኸሪያ ወደ ካቺሲ ይሄዳሉ። በዱሬቲ ቦርሳ ውስጥ ደግሞ ትናንት የተመለሰላት የሒሳብ ፈተና አለ። ከመቶ ሰማንያ ሰባት! እሳቸው ገና አላዩትም።

አምና ያመጣችው ሠላሳ አንድ ነበር። ቤት ውስጥ ሁሉም «እሷና ሒሳብ አይተዋወቁም» ብለው ሲተዉት፣ የጂኦግራፊ አስተማሪው ቲቸር ጉተማ ናቸው ወረቀቷን አገላብጠው አይተው፣ «ያቃተሽ ሒሳብ አይደለም፤ ጥድፊያ ነው የሚጥልሽ» ያሏት። ከውሃ ጠርሙስ ቆርኪ በተሠሩት የቼዝ መጫወቻዎች ፊት አስቀመጧት። እጆቿን ጭኗ ሥር አድርጋ ሦስት መንገድ ሳታይ አንዱንም ቆርኪ እንዳትነካ ከለከሏት። መጀመሪያ እልህ አስለቀሳት። እያደር ግን የፈተና ጥያቄም ሁለቴ ማንበብ ለመደች። ታዲያ እኚህን ሰው ሳታመሰግን ብትቀር ሆዷ እንዴት ይችላል?

ቦርሳዋን አንግታ ብድግ አለች። የአምስተኛ ክፍሉ ለሊሳ ግን ከሰሌዳው ላይ ዓይኑን አላነሳም።

«እኔ አይገባኝም። ከእንግዲህ አልመጣም» አለ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

በክበቡ ሕግ ያሸነፈ ሰው ለተሸነፈው ስህተቱን ሳያሳይ ከወንበሩ አይነሳም። ቲቸር ጉተማ ዱሬቲን አርባ ጊዜ ቢያሸንፏት፣ አርባውንም ጊዜ ምሳቸው እየቀረባቸው ቁጭ ብለው አሳይተዋታል።

«በቃ ሰኞ ታሳዪዋለሽ» አለች ናኦሚ። «ሰውዬው እኮ ሊሄዱ ነው።»

ዱሬቲ ለሊሳን አየችው። ሰኞ አይመጣም። እሷም አምና ልክ እንደዚህ ብላ ነበር፤ ያስቀራት ሰው ባይኖር ኖሮ ትቀር ነበር።

የፈተናውን ወረቀት አውጥታ ለናኦሚ ሰጠቻት። «ሮጠሽ ድረሺባቸውና ስጪልኝ። ገለቶማ፣ አመሰግናለሁ ብላለች በያቸው።»

«አብደሻል እንዴ? አንቺስ? የት ቀረች ቢሉኝ ምን ልበላቸው?»

«ለሊሳን አሸነፈችው በያቸው። ይገባቸዋል።»

ናኦሚ ራሷን ነቅንቃ ሮጠች። ዱሬቲ ቦርሳዋን አስቀምጣ ተቀመጠችና ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ ወደ ኋላ መመለስ ጀመረች።

«እዚህ ጋ ግንብህን ስታንቀሳቅስ ምን አይተህ ነበር?»

ለሊሳ አፍንጫውን በእጅጌው ጠርጎ ወንበሩን አስጠጋ።