ለወሰኔ ብቻ የታየው መስኮት

ወሰኔ ሞቶ የተገኘው ስምንተኛው መጋዘን ውስጥ፣ ከስንዴ ጆንያዎች ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። መጋዘኑ በነቀዝ ማጥፊያ ጋዝ ተሞልቶ ከታሸገ ገና አንድ ቀኑ ነው። በዚያ ጋዝ ውስጥ ሰው ከጥቂት ትንፋሽ በላይ አይቆይም። በአሰብ ወደብ የእህል ጥራት ተቆጣጣሪ ሆኖ ዓመታት የሠራ ሰው ደግሞ ይህን ሳያውቅ አይገባም።

ነገሩ የሆነው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ከመነሳቱ በፊት፣ የኢትዮጵያ ጭነት ገና በአሰብ በኩል ሲገባ ነው። ምርመራው የተሰጠው ለፖሊስ መርማሪዋ ለዓባይነሽ ነበር። የነዳጅ ማጣሪያው ቴክኒሻን ልጅ ናት፤ እዚያው አሰብ ተወልዳ ያደገች፣ ያልገባትን ነገር እስኪገባት ደጋግማ ለመጠየቅ የማታፍር ሴት።

ወሰኔ ይሠራበት በነበረው የትራንዚት ድርጅት መጋዘኖቹን የሚመለከቱ ሦስት ሰዎች ነበሩ። የመጋዘን ኃላፊው ጀዕፈር፣ መረጃ ወደ ኮምፒውተር የምታስገባው ሒክማ፣ ኮምፒውተሩን የዘረጋው ኢንጂነር እስክንድር።

ጀዕፈር የአደጋውን ምልክት በዋናው በር ላይ መስቀሉን ነገራት። ወዛደሮቹም ምልክቱን አይተው ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ተቀምጠው ነው የዋሉት። ተቆጣጣሪዎች ግን በባሕሩ በኩል ባለችው ትንሽ በር፣ በራሳቸው ቁልፍ ይገባሉ፤ ከመግባታቸው በፊት ስክሪናቸውን ማየት ደንብ ነው። ሳትጠይቀውም ጨመረ። ባለፈው ዓመት የጫኞች አለቃ የነበረው ታናሽ ወንድሙ ኑህ፣ እሱም ቁልፍ ስለነበረው፣ በዚያችው በር ገብቶ በጋዝ ሞቷል። ጥፋቱም ምልክት ሳይሰቅል ቀረ በተባለው በጀዕፈር ላይ ወደቀ።

«ያኔም ሰቅዬ ነበር፤ አሁንም ሰቅያለሁ» አለ። «የሚያምነኝ የለም እንጂ።»

እስክንድር ስለ ሥራው ሲጠየቅ ደስ የሚለው ሰው ነው። ዳታቤዙን፣ የድርጅቱን የመረጃ ቋት፣ በሦስት ደርብ እንደሠራው አስረዳት። ምድር ቤቱ መረጃው ዲስኩ ላይ የሚቀመጥበት ነው። መካከለኛው ደርብ ለሁሉም አንድ የሆነው የድርጅቱ እውነት ነው፤ የትኛው መጋዘን ምን እንደያዘ፣ የትኛው እንደታሸገ። ከላይ ያሉት መስኮቶች ናቸው፤ ተቆጣጣሪው በራሱ መስኮት፣ የመጋዘን ኃላፊው በራሱ መስኮት፣ ለየሥራው የሚያስፈልገውን ብቻ ያያል።

«ዲስኩ ቢቀየርስ?» አለችው።

«ከላይ ያለው ሰው አያውቀውም። የደከምኩት ለዚህ ነው። የታችኛው ሲነካካ የላይኛው አይናጋም።»

ከእሱ ወጥታ ወደ ወሰኔ ቢሮ ገባች። ኮምፒውተሩ እንደበራ ነበር። ስክሪኑ ስምንተኛው መጋዘን ጋዙ ወጥቶለታል፣ መግባት ይቻላል ይላል። ከኮሪደሩ ማዶ የጀዕፈር ስክሪን ደግሞ ያው መጋዘን ታሽጓል ይላል። ዓባይነሽ ሒክማን ጠርታ የወሰኔን ስክሪን እንድታድሰው ነገረቻት። ሒክማ ቁልፉን ተጫነች። ጽሑፉ ጠፍቶ ሲመለስ «ታሽጓል» የሚል ሆነ።

ሒክማ ማልቀስ ጀመረች። የጋዙን መረጃ ያስገባችው እሷ ናት፤ ተሳስቼ ይሆን እያለች እንቅልፍ አጥታለች። ዓባይነሽ አረጋጋቻትና ወሰኔ በመጨረሻዎቹ ቀናት ከማን ጋር ተነጋግሮ እንደሆነ ጠየቀቻት። ከእስክንድር ጋር ሲነጋገር በር ላይ ሰምታዋለች። ወሰኔ ሲል የሰማችው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ «አንተው ንገረው፤ ከእኔ ባይሰማው ይሻላል።» ለማን ምን እንደሚነገር ግን አላወቀችም።

በማግስቱ እስክንድር ስለ ስክሪኑ ሲጠየቅ መልሱ ዝግጁ ነበር። የድሮው ዲስክ በሙቀትና በጨው ተጎድቶ ስለነበር ወሰኔ በሞተበት ዕለት ጠዋት መረጃውን ወደ አዲስ ዲስክ ማዛወሩን፣ በዝውውሩ የተዛባውን ነገር ዘግይቶ አይቶ ማስተካከሉን ተናገረ። ማሽን ነውና ይሳሳታል አለ።

ዓባይነሽ አመስግናው ሦስቱንም በስብሰባ አዳራሹ ሰበሰበች። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ።

«ኢንጂነር፣ ሁለት ነገር ነግረውኛል» አለች ተረጋግታ። «ትናንት ዲስክ ቢቀየር ከላይ ያለው ሰው አያውቀውም አሉ። ዛሬ ዲስክ ስለተቀየረ ወሰኔ ተሳሳተ አሉ። አንዱ ውሸት ነው።»



ከዚያ አንድ በአንድ ዘረዘረችው። ዲስኩ ተበላሽቶ ወይም ሒክማ ተሳስታ ቢሆን ኖሮ፣ ሁሉም መስኮቶች ከአንድ ጉድጓድ ነውና የሚቀዱት፣ ስህተቱ ለሁሉም ይታይ ነበር። የጀዕፈር መስኮት ግን ቀኑን ሙሉ ትክክል ነበር፤ ምልክቱን የሰቀለው ያንን አይቶ ነው፤ ጥላ ሥር የዋሉት ወዛደሮች ምስክር ናቸው። ስለዚህ ምድር ቤቱም፣ መካከለኛው ደርብም ደህና ነው። የተዛባው አንድ መስኮት ብቻ ነው፤ የወሰኔ። ሒክማ መረጃ ታስገባለች እንጂ መስኮት አትሠራም። ጀዕፈር ያያል እንጂ አይነካም።

«ስህተት ደግሞ ሰው ከሞተ በኋላ በራሱ አይታረምም» አለች። «አንድ ሰው ለወሰኔ ብቻ ቀየረው፤ ሲሞት መለሰው። ወሰኔ ስክሪኑን ሳያድስ መውጣቱን ግን አላሰበም።»

ለምን የሚለው ቀርቷት ስለነበር፣ ከስብሰባው በፊት ሒክማን አንድ ነገር አሠርታታለች። ኑህ ከሞተ ወዲህ ማንም የማይከፍተውን የጫኞች መስኮት አስከፈተቻት። ያ መስኮት ሲሠራ የጋዙ መረጃ ተረስቷል። የትኛውም መጋዘን ቢታሸግ፣ ለጫኞች ሁሉም ክፍት ሆኖ ይታያል። ኑህ ያየው ያንን እንደሆነ ነገረቻቸው።

እስክንድር አንገቱን ደፋ። መስኮቱን በጥድፊያ እንደሠራው፣ ኑህ ሲሞት ፈርቶ ዝም እንዳለ፣ ወሰኔም ይህን ደርሶበት ለጀዕፈር ራሱ እንዲነግረው ጊዜ እንደሰጠው፣ ያ ጊዜ ሳያልቅም የወሰኔን መስኮት መቀየሩን ተናገረ። «ሊከሰኝ አልፈለገም። ንገረውና ሰውየው ይረፍ ነው ያለኝ።»

ፖሊሱ ይዞት ሊወጣ ሲል ጀዕፈር ተነሳ። መንገድ የሚዘጋበት መስሏቸው ነበር፤ እሱ ግን ወንበሩን ደገፍ ብሎ ቆመ።

«አባታችን ከኑህ በኋላ አላናገረኝም» አለ። «ረመዳን ላይ ሞተ። ሬሳዬን ጀዕፈር እንዳያጥበው ብሎ ተናዞ ነው የሞተው። ውጭ ቆሜ ሌላ ሰው አጠበው።»

እስክንድር ይቅርታ ሊል አፉን ከፈተ፤ ጀዕፈር አልጠበቀውም፣ ጥሎት ወጣ። 

ከሰዓት በኋላ የወሰኔ ሬሳ ወደ አዲስ አበባ በሚበረው አውሮፕላን ተጫነ። ጀዕፈር ሣጥኑን በፊት በኩል ይዞ ነበር። በዚያ ሙቀት፣ ከመኪናው እስከ አውሮፕላኑ፣ ሰዎቹ ተራ እንቀበልህ እያሉ ቢለምኑት አልለቀቀም።