በመሃል የምትገባው ቃል

መምህር ሃብተሥላሴ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቀው የሞቱት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ መርሳ ውስጥ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ እንግሊዝኛ በሚያስተምሩበት የግል ትምህርት ቤት ግቢ ነበር። እሑድ ጠዋት ኢንስፔክተር መሪማ ከወልድያ ስትደርስ አስከሬኑ እህታቸው ምሉእ ቤት ገብቷል። ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሯል፤ ፍትሐቱ ግን አልተፈቀደም።

«ራሱን ለገደለ ጸሎት አይደረግም አሉኝ» አለች ምሉእ በሩ ላይ እንደ ቆመች። «ወንድሜ ግን ራሱን አልገደለም። ዓርብ ዕለት እኮ የእሑድ ጫማውን ሲወለውል ነበር።»

መሪማ ቃል አልገባችላትም። አለቃዋ ሁለት ጊዜ ደውሎ «ግልጽ ጉዳይ ነው፤ ዝጊው» ብሏታል። ግልጽ ያደረገው ከሟቹ ስልክ ለመምህራኑ የቴሌግራም ግሩፕ ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር የተላከ የእንግሊዝኛ መልእክት ነው። ሕይወት ሰልችቶኛል፣ ትቼዋለሁ፣ ለእህቴ አስረዱልኝ ይላል። ስልኩ የተገኘው መምህራን ማረፊያ ክፍል ጠረጴዛ ላይ ነው። የይለፍ ቁጥር የለውም፤ መምህር ለጠየቃቸው ሁሉ ያውሱ ነበር።

ከዘበኛው ጀመረች። ጋሽ አብዱልጀሊል ባላለቀው ሕንፃ ሥር ወዳለው የአሸዋ ክምር ወሰዷት።

«ዝናቡ መቼ ጀመረ፣ ጋሼ?»

«የዐስርን ሶላት ሰግጄ ምንጣፌን ሳልጠቀልል ነው የደረሰብኝ። አሥር ሰዓት ተኩል ቢሆን ነው። ከዚያ እስኪመሽ አላባራም።»

«መቼ አገኛችኋቸው?»

«መልእክቱ መጣ ተብሎ ስንፈልግ፣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ። በፊታቸው ተደፍተው። ጀርባቸው ውሃ ሆኗል። ስናገላብጣቸው ከፊታቸው ላይ አሸዋውን በእጄ አራገፍኩላቸው፤ አላህ ይዘንላቸው።»

መሪማ ቀና አለች። «አራገፉት? አልተጣበቀም?»

«ደረቅ ነበራ። እፍ ቢሉት ይቦናል።» ዓይናቸው ወደ ክምሩ ሄዶ እዚያው ቀረ።

ከሥራቸው ያለው አሸዋ ደረቅ ከሆነ መምህር የወደቁት ከዝናቡ በፊት ነው። መልእክቱ ደግሞ ዝናቡ ከጀመረ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ተልኳል። መሪማ እንደገና የጮኸውን ስልኳን ሳታነሳ አጠፋችው። አሁን አንድ ቦታ መቆም አቃታት፤ በጭቃው ላይ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰች።

የግቢው በር ቀኑን ሙሉ ተቆልፎ ስለ ነበር ከዘበኛው ሌላ ውስጥ የነበሩት ሦስት ሰዎች ብቻ ናቸው። ርዕሰ መምህሩ ሰለሙን ቢሮው ነበር። የሒሳብ መምህሩ ዛኪርና ወጣቷ የእንግሊዝኛ መምህርት ሶስና በየክፍላቸው ፈተና ያርሙ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ለፖሊስ የሰጠው ጥቆማም አለ። ዓርብ ዕለት ዛኪር ከሟቹ ጋር ሲጨቃጨቅ ተሰምቷል።

«ምን አጣላችሁ?» አለችው መሪማ።

«እንግሊዝኛ» አለ ዛኪር። ዓይኑ ቀልቷል። «ለሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ ፈተና ያዘጋጁኝ ነበር። በእንግሊዝኛ ካልጻፍኩላቸው አይመልሱልኝም። ከተሳሳትኩ አሥር ጊዜ ደግመህ ጻፍ ይሉኛል። ዓርብ መረረኝና ተናገርኳቸው። ይቅርታ ሳልጠይቃቸው ቀረሁ።»

የስድስት ወር መልእክቱን አሳያት። ስልኩን ተቀብላ ወደ ሶስና ሄደች።

«ቅድም የመምህርን መልእክት ሳሳይሽ ፊትሽ ተለወጠ። ለምን?»

ሶስና እጇን አፋተገች። «የእሳቸው አይመስልም። ግን ሰው ሊሞት ሲል የጻፈውን ማረም ነውር ሆኖብኝ ዝም አልኩ።»

«አርሚልኝ። እኔ እንግሊዝኛዬ የትምህርት ቤት ነው።»

«‹ጊቭ አፕ› ሁለት ቁራጭ ያለው ግሥ ነው፤ መተው ማለት ነው። የሚተወው ነገር በስሙ ከተጠራ መጨረሻ ላይ ሊመጣ ይችላል። ‹ኢት› በሚል ተውላጠ ስም ከተተካ ግን የግድ መሃል ይገባል፤ ‹ጊቭ ኢት አፕ› ነው። እዚህ ‹ጊቭ አፕ ኢት› ተብሏል።»

«ሌላስ?»

«‹ኤክስፕሌይን› ማስረዳት ነው። በአማርኛ ‹ለእህቴ› እንደምንል እዚያም ‹ለ›ን የሚተካ ‹ቱ› የሚባል መስተዋድድ ይፈልጋል፤ ‹ኤክስፕሌይን ኢት ቱ ማይ ሲስተር›። ይኼኛው ‹ቱ›ን ዘሎ ‹ኤክስፕሌይን ማይ ሲስተር ኢት› ብሏል።»

«ሰው ሲጨንቀው ይሳሳታል።»

«ፊደል ይገድፍ ይሆናል። መምህር ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያርሙ የኖሩት ይህንኑ ነው። እኔም ተማሪያቸው ነበርኩ፤ እንኳን እሳቸው፣ እኔም በእንቅልፍ ልቤ አልሳሳተውም።»

መሪማ የዛኪርን መልእክቶች አሳየቻት። ሶስና አንድ በአንድ አነበበች። ሌላው ሁሉ ጎርበጥባጣ ነው፤ ተውላጠ ስሙ ግን በየቦታው መሃል ገብቷል፤ ‹ቱ›ም አንድም ቦታ አልተዘለለችም። አሥር ጊዜ መጻፉ በከንቱ አልቀረም።

መሪማ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የርዕሰ መምህሩ ፊርማና ማኅተም ያለበት የእንግሊዝኛ ወረቀት ተለጥፏል። መምህራን ፎርም እንዲሞሉና ከሥራ የቀሩበትን ምክንያት እንዲያስረዱት ያዛል። ሙሉት ለማለት ‹ፊል ኢን ኢት›፣ አስረዱኝ ለማለት ‹ኤክስፕሌይን ሚ ኢት› ይላል። አንድ ሰው በቀይ እርሳስ የመጀመሪያውን ‹ኢት› ከብቦ ወደ መሃል ቀስት ስቦበታል።

የሟቹን ስልክ ከፍታ ኢሜይላቸው ውስጥ የርዕሰ መምህሩን ስም ፈለገች። ሐሙስ የገባ መልስ አገኘች፤ ሶስና ተረጎመችላት። መሪማ ቀና ብላ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አየች። ሰባት ሆኗል።

ሁሉንም መምህራን ማረፊያ ክፍል ሰበሰበች። ምሉእ ከደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ጋር መጣች። ሰለሙን ቦታውን ይዞ ተቀመጠ፤ ንጹሕ ኮት ለብሷል።

«መምህር የሞቱት ዝናቡ ሳይጀምር ነው» አለች መሪማ። «ከሥራቸው የነበረው አሸዋ ደረቅ ነበር። ስለዚህ መልእክቱን የጻፈው ሌላ ሰው ነው፤ በሩ ተቆልፎ ስለ ነበርም ከዚህ ክፍል ውጭ አይደለም። ጋሽ አብዱልጀሊል እንግሊዝኛ አያነቡም። ሶስናና ዛኪር እንዲህ አይጽፉም፤ መምህር አስተምረዋቸዋል። አቶ ሰለሙን፣ እርስዎ ግን ሰሌዳው ላይ ልክ እንዲሁ ጽፈዋል።»

ሰለሙን ፈገግ አለ። «የእንግሊዝኛ ሁለተኛ ዲግሪ እንዳለኝ አልነገሩሽም መሰለኝ።»

«ነግረውኛል። ዩኒቨርሲቲው ግን በዚህ ስም ያስመረቅነው የለም ብሎ ለመምህር ጽፏል።» ቀይ ምልክት የሌለበትን የማስታወቂያውን ቅጂና የመልእክቱን ቅጂ ጎን ለጎን ፊቱ አስቀመጠች፤ እርሳስም ጨመረችለት። «ተሳስቼ ከሆነ ስህተቱን ያርሙልኝና ይቅርታ ጠይቄ ወልድያ እመለሳለሁ።»

ሰለሙን እርሳሱን አነሳ። አንዱን አነበበ፤ ሌላውን አነበበ።

«ምኑ ላይ ነው ስህተቱ?» አለ በመጨረሻ።

ሶስና አንገቷን ደፋች። ሰለሙን አያትና እርሳሱን ቀስ አድርጎ ወረቀቱ ላይ አስተኛው።

«እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥተውኝ ነበር» አለ ማንንም ሳያይ። «‹ወላጆች ከእኔ ከሚሰሙት ከአንተው ይስሙት› አሉኝ። ሕንፃውን ላሳይዎት ብዬ ወደ ላይ ወሰድኳቸው። ልለምናቸው ነበር። ልጆቹን ለስንት ዓመት እንዳታለልካቸው አስበው ሲሉኝ ገፋኋቸው። ከዚያ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አየሁት። እንግሊዝኛ መምህር ናቸውና በእንግሊዝኛ ጻፍኩት።»

በር ላይ የቆሙት ፖሊሶች ይዘውት ሲወጡ ቄሱ ተነሡ። «ካህናቱ ይዘጋጁ ብዬ ሰው እልካለሁ። ሰዓቱ ሳያልፍ» ብለው ተጣደፉ። ዛኪርም የሬሳ ሳጥኑን ለመሸከም ተከተላቸው።

ምሉእ ግን አልተነሣችም።

«ያ ‹ለእህቴ አስረዱልኝ› የሚለው ነገር፣ የሱ አልነበረማ» አለች።

«አልነበረም።»

«እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም። ይኼ ‹ኢት› ምናምን የምትሉትም አልገባኝም። ግን ትናንትና ሲያነቡልኝ ልቤ እምቢ ያለው ለዚህ ነበር። እኔና ወንድሜ ስንስቅም ስንጣላም በትግርኛ ነው። ለእኔ የሚለው ቢኖረው በሰው አይልክብኝም፤ መጥቶ ራሱ ይነግረኝ ነበር።»

መሪማ እጇን ዘረጋችላት፤ ምሉእ ይዛው ተነሣችና ወንድሟን ልትቀብር ወጣች።