አስራ አምስተኛው ወረቀት

ሽማግሌው እጃቸውን ታጥበው ሲጨርሱ ጎንበስ አሉ። ከገንዳው ሥር የተለጠፈውን ፍላሽ ነቅለው ኪሳቸው ከተቱት።

ፍላሹን የለጠፈችው «መርፌ» ከሩቅ በመስታወቱ ታያቸዋለች። በላካት የስለላ ክፍል ስሟ ይኸው ነው። እሳቸው ግን መልኳን አያውቁም፤ ደንቡ እንደዚያ ነው። የፍላሹን ቅጂ መያዝም ክልክል ነው።

ጊዜው በፈረንጆቹ 2009፣ ቦታው ኦስትሃፈን በሚባል የወንዝ ወደብ ሰፈር ያለ መጋዘን። መንግሥት እስር ቤቱን ሃልደንሩ ለሚባል ኩባንያ ካስረከበ ወዲህ እስረኞቹ ቀን ቀን እዚህ ካርቶን ያሽጋሉ። ተሐድሶ ይሉታል፣ አያፍሩም። «መርፌ» ከሦስቱ ሴት ተቆጣጣሪዎች አንዷ ናት፤ ለሰው ሁሉ አማርኛ የማትሰማ ኩባዊት ኤሌና ነኝ ብላለች።

ፍላሹ ላይ የአስራ አራት እስረኞች እውነተኛ የባህርይ ሪፖርት አለ። ሁሉም «ታርሟል፣ ይፈታ» ይላሉ። ኩባንያው ግን እጃቸው የፈጠነ ሠራተኞቹን ላለማጣት ለዳኛው «አደገኛ ነው» የሚል ሌላ ወረቀት ይልካል። አስራ አምስተኛው የእስረኛው የነቢል ነው፤ ፍላሹ ላይ አልገባም። ማኅተም ያለበትን ዋናውን ያገኘችው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ጃኬቷ ውስጥ አለ። ነቢል ከሰዓት ዳኛ ፊት ይቀርባል። ጠዋት ለጓደኛው «ቴርሚን አለኝ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ» ሲል ሰምታዋለች።

ሽማግሌው አሁን ወደ መውጫው መሄድ ነበረባቸው።

አልሄዱም።

ወደ ተቆጣጣሪዎቹ መጡ። አጠገባቸው ሲደርሱ ተደናቅፈው በጉልበታቸው ወደቁ።

«እኔን!»

ቃሉ ከአፏ ካመለጠ በኋላ ነው የታወቃት። ሌሎቹ ሁለት ሴቶች ቃሉ ስላልገባቸው ዞረው አዩዋት።

ሽማግሌው፣ አቶ ወልደማርያም፣ ቀና ብለው አይዋት። እስረኛ በመጠየቅ የሚመሰገኑ፣ አለቃዋም ያመናቸው ጡረተኛ ናቸው።

«አንቺ ነሽ ለካ» አሉ ቀስ ብለው። «ያገሬ ልጅ መሆንሽን ብቻ ነበር የማውቀው። ይቅር በይኝ። ልጄ ገናናው እነሱ እጅ ነው ያለው። ሰላይዋን ካሳየኸን እንፈታዋለን አሉኝ።»

ፍላሹን አጠገባቸው ለቆመው የኩባንያው ዘበኛ አቀበሉት።

«ገናናው ፍላሹ ላይ ካሉት ከአስራ አራቱ አንዱ ነበር» አለቻቸው። «ይፈታ ይላል ሪፖርቱ። አሁን በእጅዎ ሰጧቸው።»

አቶ ወልደማርያም እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ።

ዘበኛው ራዲዮውን አነሳ። የኋላው በር አሥር እርምጃ ነው። ነቢል ያለበት ሠላሳ።

ወደ ነቢል ሄደች።

ለፍርድ ቤት የሚይዘው ማህደር ወንበሩ ላይ ነበር፤ ጠዋት ተፈትሿል፣ ዳግመኛ አይነኩትም። ወረቀቱን ከኤሌክትሪክ ሙያ ሰርተፍኬቱ ሥር ሸጎጠችና ሮጠች። በሩ ላይ አንዱ ዘበኛ ክንዷን ሲጠመዝዘው ቀጭ አለ። በሌላው እጇ ገፍትራው ወጣች።

በወሩ አለቃዋ አዲስ ስም ሰጣት። ነቢል በዚያው ቀን መለቀቁን ነገራት። አስራ አራቱን አላነሳም፣ እሷም አልጠየቀችም። ሌሊት ሌሊት ግን ስማቸውን በተራ ትቆጥራለች፤ ገናናው ላይ ስትደርስ ይቆጫታል።

በጸደይ ጋሉስ በሚባለው ሰፈር ስታልፍ ነቢልን አየችው። አንድ ሱቅ በር ላይ መሰላል ወጥቶ መብራት ይገጥማል። ድንገት እግሩ ተንሸራተተ፤ ለጥቂት ተረፈ።

«እኔን!» አለች ባለሱቋ ከውስጥ።

«መርፌ» ከንፈሯን ነክሳ ወደ ትራሙ ሄደች።