ሳያድር የሄደ እንግዳ

ይህ በእኔ የደረሰ ነው። የማያምን ሰው ቢኖር አልቀየምም... እኔም ብዙ ዓመት ላለማመን ሞክሬያለሁ።

ባለቤቴ ምስጋኑ በሕይወት እያለ ለማንም አልተናገርኩም። አሁን ካረፈ ሦስተኛ ዓመቱ ነው።

ሐምሌ 1968 ዓ.ም.። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ። ከላሊበላ በላይ፣ አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ።

አራት ነበርን። እኔ፣ ያኔ እጮኛዬ የነበረው ምስጋኑ፣ የደሴዋ ሐቢባና ቀልደኛው ተክለ ሚካኤል። ሁላችንም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። የእድገት በሕብረት ዘመቻችን አልቆ፣ የሚመልሰንን መኪና ላሊበላ ላይ እየጠበቅን ነበር። መኪናው እስኪመጣ ተራራውን ዞረን እንምጣ ተባባልን።

አካሄዳችን ሩጫ ነበር። አንዱን ቤተ ክርስቲያን አይተን ሳናርፍ ወደ ሌላው። ማታ ያገኘነው ቤት ማደር፣ ሲነጋ መንገድ።

ደመናው ሸለቆውን ሞልቶት የተራሮቹ ጫፍ ብቻ ይታያል።

"ደሴት ላይ ነን እኮ" አለች ሐቢባ። "ጀልባ ብቻ ነው የጎደለን።"

"ዋና ትችያለሽ?" አላት ተክሌ።

"አልችልም።"

"እንግዲያው ተራመጂ።"

አንድ ጅረት ከተሻገርን በኋላ ምስጋኑ ወደ ኋላ ቀረ። ተጣራን። መልስ የለም። ቆይቶ ጫማውን በእጁ ይዞ ከጉሙ ውስጥ ብቅ አለ።

"የት ቀረህ?" አልኩት።

"አንዲት ሴት ቤቷ ደጃፍ ላይ እግሬን አጠበችኝ። እደርልኝ አለችኝ... ቸኩለናል ብያት መጣሁ።"

"ቆንጆ ናት?" አለ ተክሌ።

"እንጃ። ፊቷን ቀና አላደረገችም።"

ሳቅን። የእንግዳ እግር ማጠብ ያገሩ ደንብ ነው፤ አልገረመንም።

አመሻሽ ላይ እማማ ሸጌ የሚባሉ ሴት ተቀበሉን። እስከ ጉልበታችን ጭቃ ነበርን። በገበቴ ለብ ያለ ውኃ ይዘው መጡ። ሐቢባን አጠቡ። እኔን አጠቡ። ተክሌን አጠቡ።

የምስጋኑን እግር ያዙ...

ቀስ ብለው መልሰው አስቀመጡት። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። ውኃውን ደጅ ደፉት።

"እማማ፣ አንድ ሰው ቀረ" አለ ተክሌ።

"አልቀረም።"

ቂጣ ለሦስታችን ቀረበ። ቁርበትም ለሦስታችን ተነጠፈ። ምስጋኑን ቀና ብለው አላዩትም።

"ተዪው፣ አልራበኝም" አለኝ በሹክሹክታ።

የፈራሁት ያኔ ነው። ምስጋኑ የማይርበው ሰዓት አልነበረም።

ጎንበስ ብዬ እግሩን አየሁ። ከእኛ ጋር በአንድ ጭቃ ነው የመጣው። እግሩ ላይ ግን አንዲት ጠብታ ጭቃ የለም። ነካሁት። እርጥብ ነው። ሙቅ ነው... አሁን ከገበቴው የወጣ ይመስል።

በነጠላዬ አደረቅኩት። መልሶ ረጠበ።

በማግስቱ ቀኑን ሙሉ በዝናብ ተጓዝን። ቀልድ የለም። ከተራራው ወዲያ ማዶ አያ ከፋለ የሚባሉ ገበሬ ቤት ደረስን። ሚስታቸው ውኃ አመጡ። ሦስታችንን አጠቡ። ምስጋኑ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙና ባላቸውን አዩ።

አላስቻለኝም።

"ለምንድን ነው እሱን የማያጥቡት?"

አያ ከፋለ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የታጠበ እንግዳ ነው ልጄ።"

"ማን አጠበው?"

"እሱን ጠይቂው።"

ምስጋኑ ስለ ሴትዮዋ ነገራቸው። ስለ ጅረቱ፣ ስለ ቤቷ።

"ወይራው ሥር ያለው ቤት?"

"አዎ።"

ሚስታቸው ገበቴውን ይዘው ወደ ጓዳ ገቡ።

"ያ ቤት ከድርቁ ወዲህ ሰው የለበትም" አሉ አያ ከፋለ። "ቤተሰቡ አለቀ። መጨረሻ ላይ እሷ ብቻ ቀረች። በሩ ላይ ቁጭ ብላ፣ ያለፈውን ሁሉ እደሩልኝ ትል ነበር። ማን ያድራል? ሰው ሁሉ ነፍሱን ይዞ እየሸሸ..."

አያ ከፋለ እሳቱን ቆሰቆሱ።

"በእኛ አገር ያጠበ ነው የሚያሳድር። የሰው እንግዳ አንነጥቅም።"

"ባያድርላትስ?" አልኩ።

"የትም ቤት አርፎ አያድርም። የገዛ ቤቱም ቢሆን። እህልም እሺ አይለውም።"

ጠዋት እንመለስ ሲባል ተክሌ ተቆጣ። "የተማርን ሰዎች ነን። መኪናው ያመልጠናል።"

"መኪና ሌላ ይመጣል" አለች ሐቢባ። ወደ ምስጋኑ ዞረች። "ሂድና እደር። አብሽር፣ አንድ ሌሊት ነው።"

ምስጋኑ ጥግ ላይ ቆሎ ያኝክ ነበር። ብዙ አኘከ። ከዚያ እጁ ላይ ተፋው።

"አመተ..." አለኝ። "አይወርድልኝም።"

እነሱ ወደ ላሊበላ ወረዱ። እኛ ሁለታችን ወደ ኋላ ተመለስን።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ደረስን። ወይራው አለ። ከሥሩ ጣሪያ የሌለው የድንጋይ ግድግዳ። ውስጡ ሳማ በቅሎበታል።

"አብሬህ ልግባ።"

"አይሆንም። አንቺን አላጠበችሽም።"

ጫማውን አወለቀ። ጎንበስ አለ... ከላዩ ምንም በሌለበት፣ ዝቅ ያለ በር እንዳለ አድርጎ... ገባ።

ወይራው ሥር ጋቢዬን ተከናንቤ ተቀመጥኩ።

ሌሊቱን አልተርከውም። አንድ ነገር ብቻ ልበል። ምስጋኑ ሲያወራ ይሰማኝ ነበር። ያገሩን ስም ተናገረ። የእናቱን ስም ተናገረ። እንደሚጠየቅ ሰው ቆም እያለ ይመልሳል። የጠያቂዋ ድምፅ ግን አልተሰማኝም።

ሲነጋ ወጣ። እግሩ ጭቃ ነክቶታል።

"ራበኝ" አለ።

ቆሎ ሰጠሁት። በላ። ዋጠ። እያየሁት አለቀስኩ።

"ምን አለችህ?"

"አሳደረችኝ፣ አለቀ። ተነሺ እንሂድ።"

እሱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ሆነን ዳገቱን ወጣን። አናቱ ላይ ስንደርስ ጉሙ ተገፈፈ። ዞር አልኩ።

ግድግዳው እንዳለ ነው። ወይራውም እንዳለ ነው።

በሩ ላይ ምስጋኑ ተቀምጦ ነበር።

ባዶ እግሩን። ሸሚዙ የራሱ ሸሚዝ። እኔን ያየኛል።

"አመተ፣ ምን ቆምሽ?" አለኝ ከፊቴ ያለው።

የተቀመጠው አልተጣራም። እጁን ብቻ ትንሽ አነሳና...

ሂጂ አለኝ።